ያላረፈ ትሪክ ፎቶው ይወጣል ወይ?

ከላይ ያለው ኢንተርኔት ላይ የተከፈተ የአንድ የውይይት ክር ርዕስ ነው። ክሩን የከፈተው ቢኤምኤክስ፣ ማለትም በትንሽ ሳይክል እየዘለሉ ትሪክ (የአየር ላይ ጥበብ) የሚሠሩበትን ስፖርት፣ ማንሳት ከጀመረ ብዙም ያልቆየ ፎቶ አንሺ ነው። ከአንድ ብስክሌተኛ ጋር አመሻሽ ላይ ወጥተው ነበር። ቦታው ከደረጃ አናት ተነስቶ ታች ሜዳው ላይ የሚታረፍበት ዝላይ ነው። ልጁ ሊሠራ የፈለገው ባርስፒን ነበር። አየር ላይ እያለ መሪውን ይለቃል፣ አንድ ሙሉ ዙር ያሽከረክረዋል፣ መሬት ሳይነካ መልሶ ይይዘዋል። ደጋግሞ ሞከረ። በአንደኛው ሙከራ ሁሉም ነገር ልክ መጣ። ሁለቱ እጆች ክፍት ናቸው። መሪው በመካከላቸው ባዶውን ይሽከረከራል። የፊት ጎማው ወደ ጎን ዞሯል። ከኋላ የመጣው የፍላሽ ብርሃን ትከሻውን ከጨለማው ለይቶታል። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጁ መሪውን አልያዘውም። ወደቀ፣ የእጁ አንጓ አበጠ፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ፎቶ አንሺው ሥራ ፍለጋ ናሙና ሲልክ አንድ የሳይክል ዕቃ አምራች ይህን ፎቶ አይቶ ለማስታወቂያ ፈለገው። ልጁ ግን በጭራሽ አይሆንም አለ። ጠያቂውን ግራ ያጋባው ይሄ ነው። ፎቶውን ያነሳው እሱ ነው፣ ፍላሹም የእሱ ነው፣ የልጁ ፊትም በደንብ አይታይም። ካሜራ ደግሞ ከአንድ ሰከንድ በኋላ የሆነውን አያሳይም። ታዲያ ማን ያውቃል? ርዕሱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጓል እንጂ አጻጻፉ ከወዲሁ የወሰነ ሰው ነው የሚመስለው። ፈቃድ ሳይሆን አይዞህ የሚለው ሰው የፈለገ መሰለኝ።

አይዞህ ባይ ግን አላገኘም። 1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ በፎቶው እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል፣ ቀጥሎ ግን መውጣት የለበትም ይላል። በቢኤምኤክስ ዓለም የታተመ ፎቶ ምስክርነት ነው ባይ ነው። ፎቶው ወጣ ማለት ልጁ ያንን ትሪክ እዚያ ቦታ ላይ ሠርቶ፣ በሁለት ጎማ አርፎ፣ ነድቶ ሄዷል ማለት ነው። ይህን የጻፈ ሕግ የለም፣ የማያውቀውም የለም። ያልሠራውን ሠራ የተባለ ብስክሌተኛ በጓደኞቹ ፊት መሳቂያ ይሆናል። ነገ ሌላ ልጅ እዚያው ቦታ ሄዶ በትክክል ቢያሳርፈው ደግሞ ድካሙ ሁለተኛ ሆኖ ይቆጠርበታል።

2ኛው በዚህ ይስማማና አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። ልጁ ሲያገግም ተመልሶ ካሳረፈው ፎቶው ሊወጣ ይችላል ይላል። የትኛው ፎቶ እንደሆነ ግን አልተናገረም። የወደቀበት ቀን ነው ወይስ ያረፈበት? ይህች ያልተብራራች ነገር ክሩን እስከ መጨረሻው ስትበጠብጠው ትኖራለች።

3ኛው መላሽ ኳስና አትሌቲክስ የሚያነሳ የስፖርት ፎቶግራፈር ነው። ጨዋነት የለውም፣ ነጥብ ግን አለው። በረኛ ተወርውሮ ኳሷን ቢስታት ፎቶው አይወጣም ወይ ብሎ ይጠይቃል። መሰናክል ላይ የተደናቀፈች ሯጭ ፎቶዋ እንዳይታተም ትጠየቃለች ወይ? ፎቶ የቅጽበት ነው፣ የፎቶ አንሺው ሥራ ቅጽበቷን መያዝ ነው፣ የተቀረው የጓደኛሞች ይሉኝታ ነው ብሎ ይደመድማል።

4ኛው ነው ለእኔ ነገሩን የፈታው። ውድድርና መንገድ ላይ የሚሠራ ቢኤምኤክስ ለየቅል ናቸው ይላል። ውድድር ላይ ዳኛ አለ፣ ነጥብ አለ፣ ተመልካች አለ። የወደቀ ሰው መውደቁ ተመዝግቧል። ምሳሌ አድርጎ ያነሳው የቶኪዮ ኦሊምፒክን ነው። እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ዎርዚንግተን በመጀመሪያው ዙሯ 360 ባክፍሊፕ ሞክራ ወደቀች። ወደ ኋላ እየተገለበጠች በዚያው ሙሉ ዙር መዞር ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር ያንኑ ትሪክ አሳረፈችው፣ 97.50 ነጥብ አገኘች፣ አሜሪካዊቷን ሃና ሮበርትስን በልጣ ወርቁን ወሰደች። በሁለቱም ዙር አየር ላይ የተነሳውን ፎቶ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የትኛው የወደቀችበት እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ግን ማንም አይሳሳትም፣ የነጥብ ሠንጠረዡ አለና። ከደረጃ አናት የሚዘል ልጅ ግን ዳኛ የለውም። ያለው የራሱ ቃልና አንድ ካሜራ ነው። ካሜራው ከቃሉ ጋር ከተጣላ ሌላ የሚጠየቅ የለም።

ይሁንና 4ኛው ፍሪስታይል፣ ማለትም ትሪክ የሚሠራበት የቢኤምኤክስ ዘርፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ እንዳለ አድርጎ በመጻፉ 5ኛው ወዲያው አረመው። በ2008 ቤጂንግ ላይ የገባው እሽቅድድሙ ነው፣ ስምንት ብስክሌተኞች ከአንድ በር ተለቀው የሚሽቀዳደሙበት። ፍሪስታይል ፓርክ፣ መዝለያ በተሞላ ሜዳ ላይ የሚሠራው፣ የገባው በቶኪዮ ነው፣ ስሙ 2020 ሆኖ በ2021 በተካሄደው። 4ኛው አመስግኖ አስተካከለው። እንዲህ ያለ እርማት በእንዲህ ያለ ሰላም ሲያልፍ ብዙ አላይም፣ ከዚህ በታችም አይደገምም።

6ኛው መላሽ በፊልም ዘመን የሠሩ አዛውንት ናቸው። የሚጽፉት ረጅም ነው፣ ሁሉም አንቱ እያለ ነው የሚመልስላቸው። በእሳቸው ጊዜ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፍሬም ነበረው። ፍላሹ ተመልሶ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረ። ስለዚህ ለአንድ ሙከራ የሚተኮሰው አንድ ፍሬም ብቻ ነው። ብርሃኑ ልክ መሆኑን ወዲያው ታትሞ በሚወጣ የፖላሮይድ ፎቶ ይሞክሩ ነበር፣ ትክክለኛው ፎቶ መውጣት አለመውጣቱ ግን የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። ብስክሌተኛው ትሪኩን አሳርፎ እየጨፈረ ሲመጣ ፎቶ አንሺው በሆዱ ይጸልያል። የመጽሔት አዘጋጅ ስላይዱን፣ የታጠበውን ፊልም፣ ብርሃን ላይ አስቀምጦ ካየ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው አረፈ ወይ የሚል እንደነበር ይናገራሉ። መልሱ አላረፈም ከሆነ ስላይዱ ወደ ፖስታው ይመለሳል። ምን ያህል ያምራል የሚል ክርክር አልነበረም።

እግረ መንገዳቸውን ትንሽ ታሪክም ይነግሩናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው ቢኤምኤክስ አክሽን መጽሔት የመሥራቹ ልጅ የሆነችው ዊንዲ ኦስቦርን ባነሳቻቸው ፎቶዎች ስንቱን ልጅ ሳይክል ላይ እንዳወጣ ያስታውሳሉ። ፍሪስታይሊን በተባለው መጽሔት ገና በጉርምስናው ካሜራ ይዞ ሲሯሯጥ የነበረውን ስፓይክ ጆንዝንም ያነሳሉ፣ በኋላ የፊልም ዳይሬክተር ሆኖ ኦስካር የተሸለመውን። ከዚያ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ከራምፑ (ከመዝለያው ተዳፋት) ከንፈር ሥር ተጋድመው በፊሽአይ፣ እጅግ ሰፊ በሚያሳየው ሌንስ፣ ሲያነሱ የብስክሌተኛው ፔዳል የሌንሱን ጠርዝ ፍቆት አለፈ። የፊሽአይ መስታወት ወደ ውጭ ያበጠ ነው፣ ማጣሪያ ከፊቱ አይገጠምለትም። ጭረቱ አሁንም አለ፣ በዚያው ሌንስ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ሠርተዋል።

እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ሳተ። 7ኛው ስለ ሥነ ምግባሩ ግድ የለውም፣ ብርሃኑ እንዴት እንደተሠራ ብቻ ነው ማወቅ የፈለገው። ጠያቂው በ8ኛው መልስ ደስ ብሎት ያብራራል፣ ክርክር ሲያመልጥ ያለ እፎይታ በአጻጻፉ ይታያል። ሁለት ፍላሽ ነው ያለው። አንዱ ከልጁ ኋላ በስተቀኝ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ሌላው ከፊት በስተግራ። ሻተሩ (ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋው የካሜራ በር) 1/250 ሰከንድ፣ የፍላሾቹ ኃይል ከሙሉው ወደ 1/16 ዝቅ ያለ። 9ኛው በ1/250 እንዴት አልደበዘዘም ብሎ ይገረማል።

10ኛው መላሽ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ሠራለት። ልጁ በሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል እንበል። በ1/250 ሰከንድ ውስጥ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ይጓዛል፣ ይሄ ፎቶ ለማደብዘዝ ከበቂ በላይ ነው። በ1/1000 እንኳን 8 ሚሊሜትር ይጓዛል። ነገር ግን ትንሽ የእጅ ፍላሽ በ1/16 ኃይል ሲተኮስ ብልጭታው የሚቆየው ወደ 1/10,000 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ልጁ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። በጨለማ ውስጥ ሻተሩ ምንም ያህል ክፍት ቢቆይ ፎቶውን የሚሠራው ብልጭታው ነው። ለዚህ ነው አመሻሽ የሚመረጠው። በጠራራ ፀሐይ ግን ፀሐይዋ የራሷን ፎቶ በጎን ታነሳለች፣ በልጁ ጠርዝ ዙሪያ ጥላ የሚመስል ድርብ ምስል ይወጣል። ደግሞም ፍላሹን እጥፍ ስታርቀው ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ኃይሉን ዝቅ ለማድረግ ፍላሹ መቅረብ አለበት፣ ሲቀርብ ደግሞ ፍሬም ውስጥ ይገባል ወይም ሳይክል ይመታዋል። ሥራው ሁሉ በእነዚህ መካከል መደራደር ነው።

ከ11 እስከ 13 ያሉት መልሶች ስለ መሣሪያ ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው የገዛውን ዕቃ የሚያመሰግንበት ክፍል ነው። 11ኛው በተራ ካሜራ ከ1/250 አካባቢ በላይ ሲኬድ የፎቶው አንድ ጎን ለምን እንደሚጠቁር ይገልጻል። ሻተሩ ሁለት መጋረጃ አለው። ፍጥነቱ ሲጨምር የመጀመሪያው መጋረጃ ሳይጨርስ ሁለተኛው መዝጋት ይጀምራል፣ ብልጭታው ሲመጣ ከፊሉ ተሸፍኗል። በድሮ ጊዜ ሻተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለበትን ሃሰልብላድ ካሜራ የያዙ ሰዎች እስከ 1/500 ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣችው ኒኮን ዲ70ም 1/500 ትሰጥ ስለነበር ብዙ የቢኤምኤክስ ልጆች ይወዷት እንደነበር ይጨምራል። 12ኛው አሁን ይሄ ሁሉ አብቅቷል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የተዋወቀው ሶኒ አልፋ 9 ማርክ 3 ሙሉውን ምስል በአንዴ ስለሚያነብ ፍላሽ በፈለጉት ፍጥነት ይሠራበታል፣ በሰከንድ 120 ፍሬምም ያነሳል።

በዚህ 13ኛው ቱግ አለ። በሰከንድ 120 ፍሬም የሚያነሳ ሰው ፎቶ አንሺ ሳይሆን ቪዲዮ ቆራጭ ነው ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ስድብ ቢጤ አለ፣ አልተርከውም።

14ኛው ሁለቱንም ያበርዳል፣ ያውም በዕውቀት። በሰከንድ 120 ማንሳት ይቻላል፣ ፍላሽ ግን በሰከንድ 120 ጊዜ ሙሉ ብርሃን አይሰጥም። ስለዚህ በፍላሽ የሚሠራ ሰው ዛሬም አንዴ ነው የሚጫነው። መቼ እንደሚጫን ለማወቅ ደግሞ ትሪኩን ማወቅ የግድ ነው። ቴልዊፕ ላይ የሳይክሉ አካል በመሪው ዙሪያ ሲዞር ከልጁ በጣም በራቀበት ቅጽበት መያዝ አለበት። ትንሽ ቢዘገይ ልጁ ሳይክሉ ላይ ሊቆም የተንጠራራ ይመስላል እንጂ ምን እንደሠራ አይታወቅም። ቴብልቶፕ ላይ ሳይክሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ የተኛበትን መጠበቅ ነው። ባርስፒን ከሁሉም ይከብዳል። እጆቹ ገና ከመሪው አጠገብ ከሆኑ የያዘ ይመስላል፣ መሪው ዙሩን ሊጨርስ ከተቃረበ ደግሞ ተራ ዝላይ ይመስላል። እጅ ርቆ፣ የፊት ጎማ ወደ ጎን ዞሮ መገኘት አለበት። ለዚህም ነው ጥሩ ጥሩዎቹ ፎቶ አንሺዎች ራሳቸው ሲነዱ ያደጉ የሆኑት። ጣታቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ያውቃል። ጠያቂውን ይህቺን ቅጽበት በመያዙ ያደንቀዋል፣ ግን በገለጻው መሠረት ማረፊያው ከፍሬም ውጪ ቀርቷል ብሎ ይተቸዋል። መነሻና ማረፊያ የማይታይበት ፎቶ የዝላዩን ትልቅነት አይናገርም። አየር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ 15ኛው። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ የእሱ ነው። ፊሽአይ ሌንስ ቅርቡን አግንኖ ሩቁን ያኮማትራል። ሦስት ደረጃ ከሥር ሲነሳ ፎቅ ያክላል። ክንድ የማይሞላ ከፍታ ሰው የሚገድል ይመስላል። ሁላችሁም ይህን ስታደርጉ ኖራችኋል፣ መጽሔቶቹም ሲያትሙት ኖረዋል፣ ታዲያ ለእሱ ውሸት ያልሆነ ለዚህ ልጅ ለምን ውሸት ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልመለሰለትም።

16ኛው የመለሰው ግማሹን ነው። የፊሽአይ ጠመዝማዛ በግልጽ ይታያል፣ መስመሩ የጎበጠ ፎቶ ያየ ሰው ልኩን በልቡ ቀንሶ ያነባል። ያላረፈ ትሪክ ግን ምንም ምልክት የለውም፣ ተመልካቹ የሚቀንሰው ነገር የለም። እውነት አለው። ግን 15ኛውም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም ባይ ነኝ። ሳይክል ነድቶ የማያውቅ ሰው ጉብጠቱን ቀንሶ አያነብም። የሳይክል ዕቃ ማስታወቂያ ደግሞ የሚሠራው ለእሱም ጭምር ነው።

17ኛው ገንዘብ አመጣ፣ ድምፁም ከፍ አለ። አንጓው ያበጠው ልጁ፣ ክፍያውን የሚቀበለው ፎቶ አንሺው። ይሄ እንዴት ነው? ብስክሌተኞች በነፃ እየተሰባበሩ ሌላው ፖርትፎሊዮ ይሠራባቸዋል ብሎ ይከስሳል። አንድ ሁለት ሰው ፎቶ አንሺዎችም ክሬዲት እንኳን ሳይሰጣቸው ፎቷቸው በየገጹ እንደሚዞር በማስታወስ ሊመልሱለት ሞከሩ። እሱ አልሰማም። በእርግጥ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱ በደል ሌላውን አይሽረውም።

18ኛዋ የፎቶ ፈቃድ ጉዳይ የምትሠራ ሴት ናት። ድምጿ ቀዝቃዛ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ክር መድኃኒት የሚሆን ቅዝቃዜ። ፎቶው የእኔ ነው ማለት ግማሽ እውነት ነው ትላለች። በአብዛኛው ዓለም የቅጂ መብቱ የአንሺው ነው። ግን የፎቶው ባለቤት መሆንና በፎቶው ውስጥ ባለው ሰው ዕቃ መሸጥ ሁለት ነገር ነው። ለዜና ወይም ለመጽሔት ዘገባ ሲሆን አንድ ነው፣ ለማስታወቂያ ሲሆን ብዙ አገሮች የሰውየውን ስምምነት ይጠይቃሉ። ጠንቃቃ ድርጅትም ፊርማ ካላየ አያትምም። ፊቱ በደንብ አይታይም ማለትም አያድንም፣ በሳይክሉ፣ በልብሱና በአነዳዱ የሚያውቀው ሰው ሞልቷል። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ የራሱን አገር ሕግ እንዲያነብ መክራው፣ በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ ትጠይቀዋለች። ልጁ ስፖንሰር አለው ወይ?

19ኛው መልስ የጠያቂው ነው፣ ሁለት መስመር። አዎ አለው፣ የሌላ አምራች ዕቃ ነው የሚነዳው፣ ፎቶውን የፈለገው ድርጅት የዚያ ተፎካካሪ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን አስቡት። 20ኛው ይህን ከመጀመሪያው ለምን ደበቅከን አለው። 21ኛው ክሩ ይዘጋ አለ። 22ኛው ድርጅቱ ሳይክሉ ላይ ያለውን አርማ በኮምፒዩተር አጥፍቶ የራሱን ሊለጥፍ እንደሆነ ጠየቀ፣ ጠያቂውም ስለዚያ አልተነጋገርንም ብሎ መለሰ። ይሄ መልስ ከዝምታ የባሰ ነው። 3ኛው፣ የኳሱ ፎቶ አንሺ፣ ብቅ ብሎ እሱ ያለው ስለ ዜና እንጂ የአንዱን ተጫዋች ፎቶ ለሌላ ክለብ ማሊያ መሸጫ ስለማድረግ አይደለም ብሎ ራሱን አገለለ። ሰውየው ግትር ቢመስልም ድንበሩን ያውቃል።

ጫጫታው ሲበርድ 23ኛዋ መጣች። ፎቶግራፈር ናት፣ መንገድ ላይም ፓርክም ትሠራለች። እንደ ሌሎቹ አልገሠጸችውም፣ ወንድሜ ብላ ነው የጀመረችው። እሷ ፍላሽ ከቦርሳ ከማውጣቷ በፊት ከብስክሌተኛው ጋር ቁጭ ብላ ትነጋገራለች። ካላረፈ ፎቶው ይወጣል ወይስ አይወጣም? መጀመሪያ የት ነው የሚወጣው? ክፍያ ካለ እንዴት ነው የሚሆነው? ከዚያ ወደ ቦታው ይሄዳሉ። ልጁ ከመነሳቱ በፊት ፍላሹን ባዶውን እየተኮሰች መንደርደሪያው ላይ አስቁማ ታሳየዋለች። ብልጭታው ዓይኑን የሚመታው ከሆነ ፎቶው ምንም ያህል ቢያምር የፍላሹን ማቆሚያ ታዞረዋለች። አየር ላይ ለአፍታ የታወረ ሰው ማረፊያውን አያይም። ፍላሽ ከጎን ወይም ከኋላ የሚመጣው ስለሚያምር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ድካምም ጽፋለች። ፎቶ አንሺ አንድ ጊዜ ድገመው የሚለው ቃል ከአፉ መውጣት የለበትም ትላለች። ብስክሌተኛው ካሜራ ሲያይ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ልጁ መንደርደሪያው ላይ ቆሞ ሄልሜቱን በተደጋጋሚ የሚነካካ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከረ የማይነሳ ከሆነ ልቡ ሄዷል። ያኔ እሷ የፍላሹ ባትሪ አለቀ ትላለች። ውሸት ናት፣ ግን ማንም ሳያፍር ወደ ቤቱ ይገባል። የ2ኛውንም ጥያቄ የመለሰችው እሷ ናት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ልጁ በስተመጨረሻ ካሳረፈውና ያረፈበት ሙከራ ላይ ፍላሹ አልተኮስ ብሎ ከሆነ፣ ከቀደሙት ሙከራዎች አንዱን በልጁ ፈቃድ መጠቀም ብዙዎች ይቀበሉታል። በሌላ ቀን ካሳረፈው ግን ፎቶውም እንደገና መነሳት አለበት።

24ኛው ይሄ ሁሉ ፎቶ አንሺውን የብስክሌተኛው አሽከር ያደርገዋል ብሎ ተቆጣ። 6ኛው አዛውንት ተመልሰው በአንድ አረፍተ ነገር መለሱለት። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባነሱት ፎቶ ውስጥ አንድም ጊዜ ከደረጃ ላይ ዘለው አያውቁም። ጋሼ እንዲህ ካሉ በኋላ 24ኛው አልተመለሰም። እኔም እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ኳስ ሜዳ ላይ ጨዋታው ካሜራ ኖረም አልኖረ ይካሄዳል። መንገድ ላይ ግን ልጁ ያን ዕለት የዘለለው ፎቶ አንሺው ስለመጣ ነው። ሁለቱ አብረው የሠሩትን ነገር አንዱ ብቻውን የእኔ ሊለው አይችልም።

25ኛውና 26ኛው ደግሞ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ቦርሳቸው ክብደት ማውራት ጀመሩ። ሁለት ፍላሽ፣ ሁለት ማቆሚያ፣ ባትሪ፣ ሦስት ሌንስ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ አጥር መዝለል። 27ኛው ማቆሚያ ትቶ ፍላሹን በማሰሪያ ከዛፍና ከመብራት ምሰሶ ጋር እንደሚያስር ነገራቸው፣ ጥበቃ ሲመጣም ቶሎ ተፈቶ ይኬዳል። 28ኛዋ ከመሮጥ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ እንደሚሻል ጣል አድርጋ አለፈች።

29ኛው ግን ወደ ጉዳዩ መልሶ አዲስ ነገር አመጣ። ብስክሌተኞች የመውደቅ ፎቷቸውን አይጠሉም፣ እንዲያውም አንዳንዱ ትልቅ አድርጎ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። የሚጠሉት መውደቃቸው እንደ ማረፍ ሲሸጥ ነው። ፎቶው እንደ ሙከራ፣ ከሥሩ ወድቋል ተብሎ ተጽፎ፣ ልጁ ደስ ካለው ቢወጣ ምን ችግር አለው? ይህ ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አገኘ። ለማስታወቂያ እንደማይሆን ግን ሁሉም ገብቷቸዋል። ወድቋል የሚል ጽሑፍ ያለበት መሪ ማን ይገዛል?

ጠያቂው በ30ኛው መልስ ተመለሰ። አጻጻፉ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሏል። ልጁን ደውሎ አነጋግሮታል። አንጓው ሲሻለው ወደ ቦታው ሊመለሱ ተስማምተዋል፣ በዚህ ጊዜ ማረፊያውም ፍሬም ውስጥ ይገባል። ለድርጅቱ ግን እስካሁን ምንም አልጻፈም። 18ኛዋ ወዲያው ደረሰችበት። ፋይሉ እነሱ እጅ ገብቷል ወይ ብላ ጠየቀች። ገብቷል፣ ለናሙና ሲልክ በትልቅ መጠን ነበር የላከው። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥረው ለማተሚያ ቤት ሳይሰጡት ዛሬውኑ በጽሑፍ እንዲከለክላቸው፣ መልሳቸውንም እንዲያስቀምጥ ነገረችው። ለወደፊቱ ደግሞ ናሙና በትንሽ መጠን፣ ስሙ ተጽፎበት ይላክ።

በማግሥቱ ጠያቂው መጻፉን አሳወቀ። ድርጅቱ ቅር አላለውም፣ ይልቁንም የራሱን ቡድን ልጆች መጥቶ እንዲያነሳለት ጠይቆታል። ከዚያ ወዲህ ያሉት መልሶች ሁሉ ስለ ቅድሚያ ክፍያ ናቸው። አንዱ ግማሹን ሳትቀበል እንዳትነቃነቅ ይላል፣ ሌላው ለመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ከተባለ ሰዎቹ ይሸሻሉ ይላል። 13ኛው ተመልሶ ከ12ኛው ጋር ስለ ሶኒው እየተጨቃጨቀ ነው።